አመሏን የረሳች ድመት

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን። ለነቀፋ ነው የምንለው። ከአሮጊት ድመት ጋር ለሚኖር ሰው ግን አባባሉ ሌላ ጥቅም አለው፤ አመሏን የረሳች ድመት ታማለች።

ድመት ሕመሟን ትሸሽጋለች። አታቃስትም፣ ድረሱልኝ አትልም። የሚያሳብቅባት አመሏ ነው። ዘሯ ከበረሃ ስለመጣ ውኃ ብዙ አትጠጣም፤ ከምትበላው ሥጋ በምታገኘው ርጥበት ትብቃቃለች። እናም የውኃ ሳህኗን ስታዘወትር፣ የምትጸዳዳበት አሸዋ ቶሎ ቶሎ ሲርስ፣ እየበላች ስትከሳ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

የእኛዋ ቡላ 13 ዓመቷ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነገሩን ቀድማ ያስተዋለችው እናቴ ነበረች። እሷም ስኳር አለባት። ቡላ ሳህኗ ላይ አቀርቅራ አልነሳ ስትል አይታ «ይቺ የኔ ጥም ነው የያዛት» አለች። የቡላ ደምና ሽንት ሲመረመር እውነትም ስኳር ሆነ። በጣቶቿ መራመዷን ትታ የኋላ እግሯን እስከ ተረከዟ ድረስ መሬት ማስነካት ጀምራ ነበር። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ ድመት ላይ የሚታየው እንዲህ ነው።

የድመት ስኳር በአብዛኛው የሰውን ሁለተኛ ዓይነት ስኳር ይመስላል። ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል፣ ቆሽትም እየደከመ ይሄዳል። ውፍረት፣ ዕድሜና ቤት ውስጥ ተኝቶ መዋል ያባብሱታል፤ በተኮላሹ ወንዶች ላይ ደግሞ ይበዛል። አንጀቴን የሚበላው ድመት ጣፋጭ ነገር የማይጣፍጣት ፍጥረት መሆኗ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጣፋጭን ለመለየት የሚያስፈልገው ዘረመል በድመት ላይ አይሠራም። ጣዕሙን ሳታውቀው በሽታው ያዛት።

ደረቁ ምግብ ስታርች ስለሚበዛበት ፕሮቲን ወደበዛበት የቆርቆሮ ምግብ አዛወርናት። ይህን ሐኪም ሳያውቅ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ምግቡ ስኳሩን ሲያወርደው የትናንቱ የኢንሱሊን መርፌ ለዛሬ ሊበዛ ይችላል። መርፌው ጠዋት 1 ሰዓት እና ማታ 1 ሰዓት ነው፣ ከምግቧ ጋር። ካልበላች ሐኪሟን ሳንጠይቅ አንወጋትም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ቤክሳካት የሚባል የሚዋጥ ክኒን ተፈቅዷል፤ ቀድሞ ኢንሱሊን ለወሰደች ድመት ግን አይሰጥም።

ፍሪጃችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን አለ። የእናቴ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ሲይዝ የቡላ ፕሮዚንክ 40 ብቻ ነው። ሲሪንጃቸውም ይለያያል። የእናቴን ኢንሱሊን በቡላ ሲሪንጅ ብንቀዳ፣ መስመሩ አንድ ዩኒት እያለ የሚገባው ሁለት ተኩል ነው። ስለዚህ ባለቀይ ክዳኑ ሲሪንጅ የቡላ፣ ባለብርቱካን ክዳኑ የእናቴ ሆኖ በየመደርደሪያው ተለይቷል። የቡላ ኢንሱሊን ጠርሙስ አይናጥም። እናቴ በሁለት መዳፏ መሃል ቀስ አድርጋ ታንከባልለዋለች፤ እኔ የቡላን ቆዳ ማጅራቷ አካባቢ እንደ ድንኳን ብድግ አድርጌ ከሥሩ እወጋለሁ። መርፌው በጣም ቀጭን ስለሆነ ቡላ ከሳህኗ ቀና እንኳ አትልም።

መለካቱ ነው ትዕግሥት የሚፈልገው። ጆሮዋን በሞቀ ጨርቅ አሙቄ ጠርዙን ጠቅ አደርጋለሁ፤ ትንሽ የደም ጠብታ ስትወጣ ስትሪፑን አስጠጋለሁ፤ ከዚያ የደረቀ የዶሮ ሥጋ ትሸለማለች። ቤት ውስጥ መለካት ትርፍ ድካም አይደለም። ድመት ሐኪም ቤት ስትደርስ ከፍርሃቷ የተነሳ ስኳሯ ይንራል፤ በሽታው የሌለባት እንኳ ከ300 ልታልፍ ትችላለች። እውነተኛው ቁጥር የሚገኘው በለመደችው ምንጣፍ ላይ ነው። የሰው መለኪያ የድመትን ደም አሳንሶ ስለሚያነብ ለእንስሳት የተሠራውን አልፋትራክ እንጠቀማለን። አንድ ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ መርፌ መጨመር ግን በፍጹም አይገባም፤ በአንድ ቀን ሊገድል የሚችለው የስኳር መውረድ ነው። ስትንገዳገድ፣ ስትዝለፈለፍ ወይም ስትንቀጠቀጥ ከታየች ድዷን ማር ቀብቶ ወደ ድንገተኛ ሐኪም መሮጥ ነው።

በፋሲካ የመጣ አንድ ዘመዳችን መርፌውን አይቶ «ሰው ኢንሱሊን አጥቶ በሚሰቃይበት አገር ተወልደን ለድመት?» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እናቴም አገር ቤት ሳለች መድኃኒቷ ጠፍቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረናል። የመለሰችለት ግን እሷው ናት፦ «ልጄ፣ እውነትህን ነው። እኔም አጥቼው አውቃለሁ። ጥሙን ስለማውቀው እኮ ነው የማዝንላት። እኔ ውኃ ስጡኝ እላለሁ፤ እሷ ምን ትበል?» እኔም ከእናቴ ጋር ነኝ። ቡላን ብንነፍጋት ያ ጠርሙስ ተጉዞ ለተቸገረ ሰው አይደርስም፤ በእጃችን ያደገች ነፍስ ግን እያየናት ትጎዳለች።

አሁን ቡላ ሶፋው ላይ መዝለል ጀምራለች፣ ፀጉሯን መላስም ተመልሶላታል። ሐኪሟ የመርፌውን መጠን ቀንሳላታለች። ሕክምናው በጊዜ ከተጀመረና ምግቡ ከተስተካከለ፣ ያለ ኢንሱሊን ስኳራቸው ልክ ሆኖ የሚኖሩ ድመቶች አሉ፤ በሽታው ሊያገረሽ ስለሚችል ግን መለካቱ አይቀርም። ይህን ለእናቴ ስነግራት «እሰይ! እሷ እንኳ ትገላገል» አለች።