ቀዩ ከምንድን ነው?

በነፍሳት ስለሚጣፈጡ የውጭ አገር ለስላሳዎች ሰው ሲገረም አያለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሳናውቀው የምንጠጣው ነው። የበለስ ቁልቋል እየመጠጠ የሚኖር ኮቺኒል የሚባል ትንሽ ተባይ አለ። ደርቆ ሲፈጭ ካርሚን የተባለ ደማቅ ቀይ ቀለም ይወጣዋል፤ ማሸጊያ ላይ «ኢ120» ተብሎ ይታለፋል። ስታርባክስ በእንጆሪ መጠጡ ይጠቀምበት ነበር፤ ደንበኞች ሲቃወሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ከቲማቲም በሚገኝ ቀለም ተካው። ተባዩ እኛም ዘንድ ደርሷል። ለቀለም ምርት ተብሎ ትግራይ ገባ፣ ከቁጥጥር ወጣ፣ የራያን በለስ ፈጀው።

መተማ ላይ ቀይ መጠጥ ማለት ከርከዴ ነው። የደረቀው ቅጠል መሰል የአበባ ሽፋን የፈላ ውሃ ሲነካው መጀመሪያ ቀጭን ሐምራዊ ክር ይለቃል፤ ቆየት ሲል ብርጭቆው በሙሉ ደም ይመስላል። ጎምዛዛ ስለሆነ ስኳር ይወዳል። ከድንበሩ ማዶ ገላባት ያሉት ሱዳኖችም ትኩሱንም ቀዝቃዛውንም ይጠጡታል። በዚያ የቆላ ሐሩር ሰሊጥ ሲያጭድ ለዋለ ሰው ከቀዘቀዘ ከርከዴ የሚበልጥ አላውቅም።

ነፍሳት መብላት ነውር ነው አላልኩም፤ ብርዛችንም የንብ ልፋት ነው። ግን ጾመኛው የሚጠጣውን ማወቅ አለበት። ካርሚን አለርጂ የሚያስነሳበት ሰውማ የግድ! ስለዚህ በኮድ ሳይሆን በአማርኛ ይጻፍልን። የለስላሳ ፋብሪካዎቻችንም ቀይ ሲያምራቸው የቆላውን ገበሬ ከርከዴ ይሞክሩ። ቀለሙ በሙቀትና በብርሃን መደብዘዙ እውነት ነው፤ የምግብ ሳይንስ ምሁሮቻችን ይህን ቢሠሩበት ደስ ይለኛል።