ጠሪና ሰሚ፤ ከጋይንት እስከ እስቴ

ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ያደረግነውን ጉዞ ከመተረካችን አስቀድሞ፣ በልባችን ይዘነው የሄድነውን አንድ ትንሽ ነገር እንድንናገር ይፈቀድልን።

በአንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በዓል ላይ፣ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ልብስ መግዣ የሚሆን ቶምቦላ ተዘጋጅቶ ነበር። ቶምቦላ፣ በሌላ ስሙ ቢንጎ፣ ከ1 እስከ 90 ያሉት ቁጥሮች ከከረጢት እየወጡ ሲጠሩ፣ ተጫዋቹ በካርዱ ላይ ያገኘውን ቁጥር በባቄላ ፍሬ የሚሸፍንበት ጨዋታ ነው። ለትርፍ ሲጫወቱት ቤት የሚያፈርስ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የዚያን ቀን ግን ገንዘቡ ሁሉ ለሕፃናቱ ነበር። በእንግሊዝ አገር የቢንጎ ጠሪዎች ለየቁጥሩ የቅጽል ስም እያወጡ እንደሚጠሩና በጥሪ ችሎታም እንደሚወዳደሩ የማኅበሩ ወጣቶች ሰምተው ስለ ነበር፣ ሦስት ጠሪዎች ይወዳደሩ ተባለ። ከሦስቱ አንዱ እኛ ነበርን።

ተራችን ሲደርስ ድምፃችንን አሳምረን፣ በየቁጥሩም ላይ ቀልድ ጨምረን ጠራን፤ ሕዝቡም ሳቀ፣ አጨበጨበም። በመካከሉ ግን «ስድሳ ሦስት» ስንል የቃሉን መጀመሪያ ከሳቃችን ጋር ስለ ዋጥነው፣ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ሠላሳ ሦስት» ብለው ሰሙ፤ በካርዳቸው ላይ የነበረውንም 63 ሳይሸፍኑት ቀሩ። ስሕተቱ የታወቀው የዚያ ዙር ሽልማት የነበረውን ብርድ ልብስ ሌላ ሰው ይዞት ከሄደ በኋላ ነው። አሮጊቷ ግን «ግድ የለም፣ ልጄ፤ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው» አሉ። ዳኞቹ ሦስተኛ አደረጉን። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ምሽት ያዘንነው በሦስተኛነታችን ነበር።

ይህ በሆነ በጥቂት ወራት፣ በጥቅምት፣ ከደብረ ታቦር ተነሥተን ወደ ምሥራቅ ጕዞ ጀመርን። በስተ ቀኛችን ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ይታያል። ወደ ጣና ሐይቅ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚህ ተራራ ነው። በጋሳይ በኩል አልፈን ንፋስ መውጫ ደረስን፤ ከተማይቱ ስሟን በከንቱ እንዳላገኘች ጋቢያችንን የቀማን ነፋስ መሰከረልን።

የጉዟችን ዋና ዓላማ የጋይንቷ ቤተልሔም ነበረች። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከነም በ1951 ዓ.ም. በታተመ መጽሐፉ ስለዚህች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ጽፎ ለውጭው ዓለም አስተዋውቋታል፤ የድጓ ተማሪ ግን ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዘመን በእግሩ ሲፈልጋት ኖሯል። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ዙር አምባም በዚሁ በጋይንት እንደ ሆነ፣ ቤተልሔምም የድጓ ምስክር ናት። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያዜመውን ድርሰት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በምልክት እንዲጻፍ አድርገዋል። ድፋትና ቅናት፣ ይዘትና ጭረት፣ ርክርክና ሂደት እያንዳንዳቸው ከፊደሉ በላይ የተጻፉ ትንንሽ ምልክቶች ናቸው፤ ይሁን እንጂ አንዱ ቢጎድል ዜማው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው በየአገሩ ለዓመታት ከተማረ በኋላ ለማስመስከር ወደዚህ ይመጣል።

እኛም ከጉባኤው ዳር ተቀምጠን ሰማን። ቁራሽ ለምኖ፣ ደበሎ ለብሶ ዓመታትን ያሳለፈ አንድ ወጣት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዜማል። ድምፁ እጅግ ያማረ ስለ ነበር እኛ እንግዶቹ ተመሰጥን። የኔታ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መጽሐፍ ሳይዙ ሲሰሙ ቆይተው «ተመለስ» አሉት። ተመለሰ። ደግመው «ተመለስ» አሉት። በሦስተኛው «ድምፅህ ያምራል፤ ርክርኩ ግን ቀርቷል። አንተ የጣልኸውን ካንተ የሚማረው ከየት ያነሣዋል?» አሉት። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎጆው ሄደ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያችን አንዲት ቦታ ሲመላልሳት ሰማነው። በማግሥቱ አዜማት፤ የኔታም «ቀጥል» አሉት። ከዚህ በቀር ምስጋና አልጨመሩለትም፤ ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

እኛ የዚያን ጊዜ አሮጊቷን አሰብናቸው።

ከዚያ በታች ጋይንት በኩል ወደ ስማዳ ወረድን። ስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆዎች የሚያዘቀዝቅ፣ ገደል የበዛበት አገር ነው። የስልክ ኔትወርክ በማይደርስበት አንድ አፋፍ ላይ፣ አንድ ገበሬ እጁን ባፉ ዙሪያ አድርጎ በማዶ ያለውን ወንድሙን ሲጣራ አገኘነው። መጀመሪያ ስሙን ብቻ አስረዝሞ ጠራ፤ «አቤት!» የሚል ድምፅ እስኪመለስለትም ዝም ብሎ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ «እማዬ—ታማለች—ዛሬ—ድረስ» እያለ፣ እያንዳንዱን ቃል ወንድሙ ከማዶ እየደገመለት አስተላለፈ። ወንድሙ እንዳይደነግጥ የማጽናኛ ቃል ያልጨመረበትን ምክንያት ብንጠይቀው፣ «ጌቶቼ፣ ነፋሱ ብዙ ቃል አይሸከምም» አለን።

በእስቴ በኩል፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ አልፈን ስንመለስ የተነጋገርነው ይህንኑ ነበር። የኔታና ገበሬው አይተዋወቁም፤ ትምህርታቸው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ጥሪ የጠሪው ጌጥ ሳይሆን የሰሚው ገንዘብ ነው ማለት ነው። እኛ በውድድሩ የፊተኛውን ረድፍ ስናስቅ የኋለኛውን ረድፍ ገንዘብ ጥለን ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ ቶምቦላውን ሲያዘጋጅ ውድድር አልነበረም፤ ጠሪ ግን አስፈለገና እኛው ተነሣን። እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ያለ ቀልድ፣ የኋለኛውን ረድፍ እያየን ጠራን። ጭብጨባው ጥቂት ነበር። አሮጊቷም በቀድሞው ቦታቸው ተቀምጠው ነበር፤ የዚያን ቀንም ዕጣ አልወጣላቸውም። ነገር ግን ቁጥር በተጠራ ጊዜ ሁሉ፣ ጎረቤታቸውን ሳይጠይቁ፣ ባቄላቸውን በቦታው ሲያኖሩ አየናቸው።

እናንተም፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ማታ ጸሎት በሚያደርሱበት፣ ለአያታቸውም ደብዳቤ በሚያነቡበት ጊዜ፣ ድምፃቸው ማማሩን ብቻ አትመልከቱ። ከሁሉ ራቅ ብሎ የተቀመጠው ሰው ቃሉ በሙሉ ደርሶት እንደ ሆነ ጠይቋቸው፤ ካልደረሰውም እንደ የኔታ «ተመለስ» በሏቸው። እግዚአብሔር አምላክ የምንናገረውን በታማኝነት የምናደርስ ያድርገን፤ አሜን።