መጽሐፍ ይዞ ስለ መውጣት

ሽርሽር ሲባል ብዙውን ጊዜ ስንቅ ቋጥሮ ወጥቶ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር በልቶና ጠጥቶ መመለስ ነው። ይህም መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ለእናንተ ለወጣት አንባቢዎቼ ዛሬ የማወራው ግን ሕፃን መሪ፣ ሽማግሌ ተከታይ ስለሚሆንበት ሽርሽር ነው።

ሮበርት ማክሎስኪ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1941 ዓ.ም. ለሕፃናት አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ አሳተመ። ርእሱ በእኛ ቋንቋ «ለዳክዬ ጫጩቶች መንገድ ልቀቁ» እንደ ማለት ነው። በቦስተን ከተማ ባልና ሚስት ዳክዬዎች በቻርልስ ወንዝ ላይ ካለች ደሴት ስምንት ጫጩቶች ይፈለፍላሉ። አባትየው ወንዙን ሊያይ ሲሄድ «በሳምንቱ በከተማው መናፈሻ እንገናኝ» ብሎ ቃል ይሰጣል። እናትየዋም ልጆቿን በሰልፍ መሄድ አስተምራ በከተማው መካከል ስትጓዝ፣ ፖሊሱ መኪናዎችን አቁሞ ያሳልፋቸዋል። ማክሎስኪ ይህን ለመሣል ዳክዬዎች ገዝቶ በኒውዮርክ ከሚኖርበት ቤት አስገብቶ አካሄዳቸውን ሲመረምር ሰነበተ። (ለመጻፍ የምትነሣ ወጣት ሆይ፣ ይህን ልብ በል።)

መንገዱም ዛሬ በእግር የሚሄዱበት እውነተኛ መንገድ ነው፤ ከወንዙ ዳር በማውንት ቨርነን ጎዳና ወደ ቻርልስ ጎዳና፣ ከዚያ ቢከን ጎዳናን ተሻግሮ ወደ መናፈሻው ይደርሳል። በመናፈሻውም ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ናንሲ ሾን የተባለች ቀራፂ የሠራቻቸው እናትየዋና ስምንቱ ጫጩቶች በነሐስ ተሰልፈው ይታያሉ። ሕፃናት ስለሚቀመጡባቸው ጀርባቸው ያብለጨልጫል። ብዙ ቤተሰብ ከመኪና ወርዶ፣ ልጁን በነሐሱ ላይ አስቀምጦ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ይህን ሽርሽር ለማለት ይከብደኛል።

ልጄን ልጠይቅ ወደዚያ በሄድሁ ጊዜ የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ መጽሐፉን በብብቷ ይዛ መራችን። «አባባ፣ እዚህ ጋ ይቁሙ፤ ፖሊሱ የቆመው እዚህ ነው» ትለኛለች፤ እኔም እቆማለሁ። አባቷ በመኪና ማቆሚያ ስፍራ ሌሊቱን እየሠራ ቀን ይተኛል፤ ልጅቱ የምታየው ጫማውን ሲያጠልቅ ወይም ሲያወልቅ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ግን ከሥራው እንደ ወጣ በቀጥታ መጥቶ ከመናፈሻው ሊያገኘን ቃል ሰጥቷት ነበር።

በመንገድ ላይ «አባባ፣ አባትየው ዳክዬ ባይመጣስ ኖሮ?» አለችኝ።

«በመጽሐፉ መጥቷል እኮ» አልኋት።

«መጽሐፉንማ አውቀዋለሁ» አለች።

ስንደርስ አባቷ አልነበረም። እናቷ በዳክዬዎቹ ላይ እንድትቀመጥ ብትለምናትም እምቢ አለች፤ ከሰልፉ ኋላ ዘጠነኛ ሆና ቆመች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቷ የሥራ ካፖርቱን እንደ ለበሰ እየተጣደፈ መጣ። እርሷም ሮጣ አልተቀበለችውም፤ መጽሐፉን ገልጣ አሳየችው።

«አየህ? እዚህ አባትየው ቀድሞ ነው የደረሰው» አለችው።

እርሱም ሥቆ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠና «እስቲ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አላት። ፖሊሱ ካለበት ገጽ ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰደው። ልጅቱ ቀና ብላ አየችውና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ንባቧን ቀጠለች።