የእንጦጦ ዳገትና የልብ ምት

ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ እርስዎ ብቻዎን የቤት ኪራዩን፣ የልጅዎን ሳልና የነገውን ሥራ ሲያወጡና ሲያወርዱ ልብዎ ድው ድው ብሎብዎት ያውቃል? እንግዲያውስ በሚመጣው እሑድ ማለዳ ነጠላዎን ጣል አድርገው፣ ጠፍጣፋ ጫማ ተጫምተው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ይውጡ። ቁርሱንና ልጆቹን ለባለቤትዎ ይተዉላቸው።

የሸማ ሱቆቹን አልፈው ዳገቱን ሲያያዙት የከተማው ጫጫታ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የባሕር ዛፍ ሽታም ይቀበልዎታል። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ በመሆኑ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብም ይመታል። እዚህ ላይ ቆም ብለው ያስተውሉ። ሌሊት ያስፈራዎት የልብ ምት ከዚህ ብዙም አይለይም፤ አሁን ግን ምክንያቱን ያውቁታል፤ ጥቂት ሲያርፉም ይረጋጋል። የአካል እንቅስቃሴ ጭንቀትን ከሚያቃልልባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ የልብ ምት ሁሉ የአደጋ ምልክት አለመሆኑን ያለማምዳል።

በመንገድዎ ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች ቢያጋጥሙዎት መንገድ ይልቀቁላቸው። የእነርሱ ድካም ሽርሽር አይደለም። የኑሮ ሸክም በእግር ጉዞ ብቻ አይወርድም፤ የሚቀለው ሲጋሩት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑበት ከእንጦጦ ማርያም አካባቢ ሲደርሱ ጥላ ፈልገው ይቀመጡ። ለአምስት ደቂቃ ትንፋሽዎ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ያዳምጡ። የቤት ኪራዩ ሐሳብ ቢመጣ አይከተሉት፤ ራስዎንም አይቆጡ፤ ቀስ ብለው ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ። ይህን ልምምድ ዶክተር ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ ውስጥ ትምህርት አድርገው ለሕሙማን መስጠት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናትም 276 የጭንቀት ሕሙማንን አሳትፎ፣ ትምህርቱ ኤሲታሎፕራም ከተባለው መድኃኒት ያላነሰ ውጤት ማስገኘቱን አሳይቷል።

ይህ ማለት ግን የታዘዘልዎትን መድኃኒት በራስዎ ያቋርጡ ማለት አይደለም። ጭንቀቱ ከሥራና ከእንቅልፍ ካገደዎት ሐኪም ያማክሩ፤ የልብ ሕመም ያለብዎት እንደሆነም ከዳገቱ በፊት ይጠይቁ።

እንጦጦ ቢርቅዎት ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድመው ወርደው በእግር ይሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ ይኸውም በሳምንት ለአምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ከተራራው ሲወርዱ ችግሩ እቤት ይጠብቅዎት ይሆናል፤ እርስዎ ግን ትንፋሽዎን ሰብስበው ይገጥሙታል።