የቍጥር ዐምድ በልጆች እጅ

በጉለሌ ከምናስተምራቸው ልጆች ወላጆች አንዳንዶቹ የሒሳብ ደብተር ገልጠው ሣጥን የመሰሉ ዐምዶች ተሥለው ባዩ ጊዜ፣ «ሒሳቡስ ወዴት ነው?» ይሉናል። ጥያቄያቸው አያስነቅፍም፤ ባር ግራፍ የሚባለው ነገር ብዙዎቻችን ሳንማረው ያለፍነው ነውና። ዊልያም ፕሌይፌር የተባለው የስኮትላንድ ሰው የአገሩን ንግድ በዐምድ ሥሎ ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1786 ዓ.ም. ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን በቤት ለመርዳት ብትሹ እርሱ ከሚያውቀው አገር ቍጥር ጀምሩ። እኔ የምወደው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራን ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ዐሥር ክፍለ ከተሞች ነበሯት፤ በጉለሌ 267,624፣ በኮልፌ ቀራንዮ 428,895፣ በልደታ 201,713፣ በአቃቂ ቃሊቲ 181,270 ሰዎች ተቈጠሩ። ካሬ ካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ አንዱ ካሬ 10,000 ሰው ይሁን ብትሉ፣ የጉለሌ ዐምድ ወደ 27፣ የኮልፌ 43፣ የልደታ 20፣ የአቃቂ 18 ካሬ ይቆማል። ነገር ግን አንዱ ካሬ ስንት ሰው እንደሚይዝ ልጁ ራሱ ይወስን። የትምህርቱ ግማሽ ያለው በዚህ ውሳኔ ነው፤ አንዱን ካሬ 1,000 ያለ ልጅ ወረቀቱ አልበቃ ሲለው ማንም ሳይነግረው ያርመዋል።

ኮልፌ ትልቅ ነው ብሎ ዐምዱን የሚያወፍር ልጅም አይታጣም። ዐይን ቁመቱንና ስፋቱን አንድ ላይ ስለሚመዝን ስፋቱ ለሁሉም እኩል ይሁን። ከዚህ የሚከፋው ዐምዱን ከዜሮ አለማስነሣት ነው። ወረቀት ለመቈጠብ ከ150,000 ቢጀምር ለአቃቂ 3 ካሬ፣ ለኮልፌ 28 ካሬ ይደርሳቸዋል፤ ከእጥፍ ጥቂት የሚበልጠው ልዩነት ዘጠኝ እጥፍ መስሎ ይታያል። ቍጥሩ አልተለወጠም፤ ሥዕሉ ግን ዋሸ። እንዲህ ያለውን ዐምድ እያወቁ የሚያሳዩን ሰዎች ስላሉ፣ ልጁ ከጫፉ በፊት ሥሩን እንዲመለከት አስለምዱት።

ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች አንዱ ልጁን ከአምስተኛ ክፍል ሊያስቀር ወጥኖ ነበር፤ ማግ የሚያጠነጥንልኝ የለም የሚል ነበር ምክንያቱ። ልጁ ከአባቱ የዱቤ ደብተር በየወሩ የተሸጠውን ጋቢና ነጠላ ቈጥሮ ዐምድ አቆመለት። ለዘመን መለወጫ፣ ለገናና ለጥምቀት፣ ለፋሲካም የዐምዱ ቁመት ረዘመ። ይህንስ ሸማኔው ያውቀዋል። ያላሰበው የቀሩት ወራት ዐምድ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ነበር። በጣቱ ከወር ወደ ወር እየተሻገረ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ፣ ልጁ በሥራ ወራት ብቻ ከትምህርት መልስ እንዲያግዘው ተስማሙ። አሁንም በታኅሣሥ አጋማሽ እንቅልፍ ተጭኖት ይመጣል፤ ግን ይመጣል።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ከአፉ እስከ ሥሩ ስፋቱ እኩል የሆነ ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይቀመጥ፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት የጠለቀውን ዝናም በማስመሪያ ለክቶ ከጻፈ በኋላ ይድፋው። ወሩ ሲያልቅ ይደምረዋል። በዚህ ሥራ በእኛ አገር የሚያጋጥም እንቅፋት አለ፤ እርሱም ጳጉሜን ነው። አንዲት ተማሪ በነሐሴና በመስከረም መካከል የቆመውን ድንክ ዐምድ አይታ፣ «መምህር፣ ዝናሙ በጳጉሜን ሄዶ በመስከረም ተመለሰን?» ብላ ጠየቀችኝ። ከባሕረ ሐሳብ ቈጠራ ጋር ላደግሁት ለእኔ ከዚህ የጣፈጠ ጥያቄ የለም። በነሐሴ 240፣ በጳጉሜን 30 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል፤ በዐምድ ቢቆሙ አንዱ የሌላው ስምንት እጥፍ ነው። እያንዳንዱን ለቀኖቹ ብናካፍል ግን ነሐሴ በቀን 8፣ ጳጉሜን በቀን 6 ይሆናሉ። ልጅቱ ዐምዶቹን ፍቃ በቀን ሒሳብ አቆመቻቸው፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ አካፋዩ 6 እንደሚሆንም በሥዕሉ ግርጌ ጻፈች።