ለውሻ ይህን ያህል?

ነቢዩ ናታን ለዳዊት በነገረው ምሳሌ (2ኛ ሳሙ. 12) ያ ድሃ ሰው በጉን በገንዘቡ ነው የገዛት። ስንት እንደገዛት ግን አልተጻፈም። የተጻፈው ከምግቡ እንዳካፈላት፣ ከጽዋው እንዳጠጣት፣ በእቅፉም እንዳስተኛት ነው።

ይህን ያነሣነው በሐይቅ ያለች አንዲት እህት ስለጠየቀችን ነው። ለአረጋዊት እናቷ ፑድል የሚባለውን ፀጉረ ጥቅልል ውሻ ከአዲስ አበባ ልትገዛ ብር ቆጥባለች፤ «ለውሻ ይህን ያህል ማውጣት ኃጢአት ነው ወይ?» አለችን። ኃጢአት ነው አላልናትም። ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው እንደተናገረው፣ ቁጭ ብለን ወጪውን አብረናት ቆጠርን።

ፑድል ዛሬ የሳሎን ውሻ ቢመስልም፣ ጥንት በአውሮፓ አዳኞች የመቱትን ዳክዬ ከውኃ ውስጥ የሚያወጣ ውሻ ነበር። (ሐይቃችንን ቢያይ ሳይወድ አይቀርም!) ፀጉሩ እንደ ሰው ፀጉር ያድጋል እንጂ ብዙም አይረግፍም። በየ6 ሳምንቱ ቢቆረጥ በ12 ዓመት ከ100 ጊዜ በላይ ይሆናል፤ ካልተበጠረ ደግሞ ይቋጠርና ቆዳውን ያቆስላል። በሐይቅ የውሻ ፀጉር የሚቆርጥ ባለሙያ እኛ አላየንም። እናት በዚህ ዕድሜያቸው መቀስ ይያዙ?

የአምባሰል እረኛ ውሻ ደጅ አድሮ፣ የተረፈውን በልቶ፣ ጅብ ያባርራል። ፑድል ግን ቤት ውስጥ ከሰው ጋር መኖር ይፈልጋል። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን እዚህ ላይ ነው። በወሎ ቡና የምንጠጣው ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ነው፤ የውሻ ምራቅ በነካው ልብስ ደግሞ ሳያጥቡት አይሰግዱም። ከጀበናው ዙሪያ አንዲት ጎረቤት ብትቀር፣ ያ ወጪ በብር አይተመንም። እህታችን ይህን ስትሰማ ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

የክትባቱ ነገር ግን ፑድል ለሚገዛ ብቻ አይደለም። በግቢያችሁ ውሻ ያሰራችሁ ሁሉ በየዓመቱ አስከትቡ፤ ሲሰለቻችሁም መንገድ ላይ አትልቀቁት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ከሚነከሱትም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፤ ጸሎቱን ወደ ጤና ጣቢያ እየሄድን በመንገድ ላይ እንጸልያለን።