‹‹ለሕፃን የሚሆን ላይፍ ጃኬት አለ?››

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ አሜሪካ የምትኖረው ልጄ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ እኔ ወደ ሐይቅ ከተማ መጣች። የልጅ ልጆቼን በጀልባ አንሸራሽሬ፣ ማታ ወደ አምባሰል ተራራ እያሳየኋቸው ቡና አፈላለሁ ብዬ ስንት ወር አስቤበታለሁ። በመጣች በሦስተኛው ቀን ግን፣ ‹‹እማዬ፣ ጀልባውን እንኳ ጣና ላይ ብንሳፈር ይሻላል፤ የባሕር ዳር ቲኬት ቆርጫለሁ›› አለችኝ።

ከፋኝ። ሐይቅ ዳር ተወልዳ ያደገች ልጅ ለልጆቿ የሌላ አገር ውሃ ታሳያለች? አኩርፌ ዋልኩ።

ማታ እሷው ቀርባ ታስረዳኝ ጀመር። ባለፈው ዓመት ከባሏ ቤተሰብ ጋር በትልቅ መርከብ ሽርሽር ሄደው ነበር። እነዚያ መርከቦች በሺህ የሚቆጠር ሰው ይጭናሉ፤ የራሳቸው ሐኪምና ነርስም አሏቸው። ‹‹ለመሆኑ ሰው የሚሄድበትን ወደብ ሲመርጥ ምን ያያል?›› አልኳት። የባሕሩን ውበት የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በጣቷ ቆጠረችልኝ፦ ለሽማግሌዎቹ መውረጃው ይመቻል ወይ? የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ ነው ወይ? መጸዳጃ ቤት ቅርብ ነው ወይ? ሰው ቢታመም የት ይወሰዳል? ደግሞስ ሁላችንም አብረን ወርደን አብረን እናያለን ወይ?

የመጨረሻው ጥያቄ ነካኝ። የእኛ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገቡበት ወንዶች ብቻ ናቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበትን ቦታ ወንዱ ልጅ ከአጎቱ ጋር ገብቶ ሲያይ፣ እህቱ ከእኔ ጋር ውጭ ትቀራለች። ሥርዓቱን አከብራለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከውጭ ሆኜ ተሳልሜያለሁ። ከአሜሪካ ድረስ ለመጣች የሰባት ዓመት ልጅ ግን ማስረዳቱ ቀላል አይደለም። ጣና ላይም ክብራን ገብርኤል ለወንዶች ብቻ ነው፤ ዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴቶችም ይገቡበታል። ልጄ ይህን ሁሉ አጣርታለች።

ቀጥላም፣ ‹‹እዚህስ ለሕፃን የሚሆን ላይፍ ጃኬት አለ?›› አለችኝ።

ዝም አልኩ። በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን ከሐይቁ የወጣ ልጅ ተሸክመው አምጥተውልኝ ነበር። አፉን ጠረግሁ፣ ትንፋሽ ሰጠሁት፣ ደረቱን ደጋግሜ ተጫንኩ፤ አልተመለሰም። እናቱ እርጥብ ልብሱን ታቅፋ ስትወጣ ዛሬም ትታየኛለች። ይህን ያየሁ ነርስ ሆኜ ሳለ የልጅ ልጆቼን ያለ ጃኬት ጥልቅ ውሃ ላይ ላወጣ ነበር። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ስትሰጥም የያዘቻቸው የነፍስ አድን ጀልባዎች የሚበቁት ለተሳፋሪው ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ዓለም እንኳ የተማረው ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ኩርፊያዬን ትቼ አብሬያቸው ጣና ሄድኩ። ዑራ ላይ አራታችንም አብረን ገባን። ስንመለስ ሐይቃችን ዳር ቁጭ ብለን የተጠበሰ ዓሣ በላን። ልጆቹ እግራቸውን ዳር ውሃው ውስጥ ሊነክሩ ሲሉ የከለከልኳቸው እኔው ነኝ፤ ቢልሃርዚያን በሥራዬ አውቀዋለሁ። ልጄ ሳቀች፤ ‹‹አሁን አንቺም መንገደኛ ሆንሽ›› አለችኝ።

በዓመቱ በሰው እጅ ሁለት የልጆች ላይፍ ጃኬት ላከችልኝ። ‹‹በሚቀጥለው ስንመጣ በእኛው ሐይቅ ላይ›› ብላ ነበር። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ጦርነት ተከተለ፤ እስካሁን አልመጡም። ጃኬቶቹ ጓዳዬ ተሰቅለዋል። ጎረቤቶቼ እንግዳ ሲመጣባቸው ለልጆቻቸው ይዋሱኛል፤ አጥበው፣ አድርቀው ይመልሱልኛል።

እናንተም የልጅ ልጅ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ከቡናውና ከዶሮው በፊት ልጄ በጣቷ የቆጠረቻቸውን ጥያቄዎች አስቡባቸው። የእኔዎቹ ልጆች አድገዋል፤ ቢመጡ ጃኬቱ አይበቃቸውም። ሌላ እገዛለሁ።